ወርቅ የሌለበት ወርቃማ ሳህን፦ የመካከለኛው ዘመን የሙስሊሙ ዓለም ሸክላ እንዴት ይሠራ ነበር?

ጠዋት ቡና ስትጠጡ የምትይዟት ዕቃ ስሟ ሲኒ ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው። በዐረብኛ «ሲኒ» ማለት «የቻይና» ማለት ነው። ስለዚህ ቡና በቀረበ ቁጥር፣ ሳናስበው፣ የሩቅ አገር ስም እንጠራለን።

ይቺ ቃል የረጅም ታሪክ ቁራጭ ናት። ከ1200 ዓመት በፊት በመርከብ ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ የገባው የቻይና ነጭ ዕቃ የኢራቅን ሀብታሞች ማረካቸው። የኢራቅ ሸክላ ሠሪዎችም እንደዚያ ያለ ዕቃ መሥራት ፈለጉ። አፈሩ ግን አልነበራቸውም። የቻይናው አፈር ስላልነበራቸው ሌላ መንገድ ፈለጉ። በዚያ ፍለጋ ያገኙት ነገር፣ ወርቅ የሚመስለው ሳህንም ጭምር፣ ከዚያ ወዲህ የተሠራውን ብዙ የሸክላ ሥራ ቀየረ።

ሙዚየም ውስጥ ወይም ኢንተርኔት ላይ እነዚህን ወርቅ የሚመስሉ ሳህኖች ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይስታል። አንደኛ፣ ወርቅ የተቀቡ ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ ሰውና እንስሳ ተስሎባቸው ሲያይ «ሙስሊሞች ስዕል አይፈቅዱም አልነበር?» ይላል። ሁለቱንም ቀስ ብለን እንየው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ነገር፣ ልባስ ምንድን ነው?

አዲስ ምጣድ ገዝታችሁ ታውቁ ይሆናል። እንደመጣ እንጀራ አይጋገርበትም፤ መሟሸት አለበት። ጎመን ዘር ይረጭበታል፣ ይግላል፣ ይታሻል፣ እንደገና ይደገማል። ለምን? ሸክላ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ነው። ውሃም ቅባትም ይመጥጣል። ማሟሸት እነዚያን ቀዳዳዎች በቅባት መድፈን ነው።

ልባስ ይህንኑ ሥራ በመስታወት ይሠራል። አሸዋ ውስጥ ያለው ሲሊካ የሚባለው ማዕድን ሲቀልጥና ሲቀዘቅዝ መስታወት ይሆናል። ችግሩ ብቻውን ለመቅለጥ 1700 ዲግሪ ገደማ ሙቀት መፈለጉ ነው። እርሳስ ወይም የተክል አመድ ሲቀላቀልበት ግን በጣም ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ዱቄቱ በውሃ ይበጠበጥና ዕቃው ይነከርበታል። ከዚያ እቶን ይገባል። ሲወጣ ዕቃው ቀጭን የመስታወት ቆዳ ለብሷል። ውሃ አያፈስም፣ ወጥ አይመጥጥም፣ ሲታጠብ ይጠራል።

ልባስ የሙስሊሙ ዓለም ፈጠራ አይደለም። ግብጾች፣ ሜሶጶጣሚያዎች፣ ሮማውያን ከብዙ ሺህና ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ያውቁት ነበር። አዲስ የሆነው ቀጥሎ የመጣው ነው።

ለምን ነጭ ሳህን ፈለጉ?

ባግዳድ የተመሠረተችው በ762 ነው። አባሲድ የሚባለው ሥርወ መንግሥት ኸሊፋዎች፣ ማለትም የሙስሊሙ ዓለም መሪዎች፣ መቀመጫ ሆና ብዙም ሳትቆይ ከዓለም ትልልቅ ከተሞች አንዷ ሆነች። ዕቃ ከየአቅጣጫው ይገባባት ነበር። ከቻይና የሚመጣው ደግሞ በባሕር ነው።

ይህ ንግድ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ማስረጃ በ1998 ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ቤሊቱንግ በምትባል ደሴት አጠገብ ተገኘ። የሰመጠ መርከብ ነው። ሳንቃዎቹ በሚስማር አልተመቱም፤ በገመድ የተሰፉ ናቸው። የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራብ ሰዎች መርከብ የሚሠሩት እንዲህ ነበር። በሆዱ ወደ 60,000 የሚጠጋ የቻይና ዕቃ ይዟል። አንዱ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ከ826 ጋር የሚገጥም ዓመት ተጽፏል። ስድሳ ሺህ ዕቃ በአንድ መርከብ! ይህ የአንድ ቤተ መንግሥት ገጸ በረከት አይደለም፤ ገበያ ነው።

የቻይናው ነጭ ዕቃ ምሥጢር አፈሩ ነበር። ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር በ1300 ዲግሪ ገደማ ሲጠበስ ጠንካራና ነጭ ይሆናል። ፖርሴሊን የምንለው ይኸው ነው። የኢራቅ አፈር ደግሞ ሲጠበስ ወደ ቢጫ ይሄዳል። እቶኖቻቸውም ያን ያህል አይግሉም። በዚያ አፈርና በዚያ እሳት ፖርሴሊን አይወጣም።

ሸክላ ሠሪዎቹ ምን አደረጉ? አፈሩን ነጭ ማድረግ ካልተቻለ ልባሱን ነጭ እናድርገው አሉ። እዚህ ላይ ቆርቆሮ ገባ። ቆርቆሮ ስል የቤት ክዳኑን ሳይሆን ብረቱን ነው። የተቃጠለ ቆርቆሮ ዱቄት ልባስ ውስጥ ሲገባ አይሟሟም። ውሃ ውስጥ ጨው ብትጨምሩ ይሟሟል፣ ውሃው ጥርት እንዳለ ይቆያል። ዱቄት ብትጨምሩ ግን ውሃው ነጭ ይሆናል። ቆርቆሮው የሚያደርገው የዱቄቱን ነው። ብርሃን እየበተነ ልባሱን ወተት ያስመስለዋል። ከሥር ያለው ቢጫ አፈር ይሸፈናል።

የዚህ ሥራ ትልቁ ማዕከል በደቡብ ኢራቅ ያለችው የባስራ ከተማ ነበረች። ወደቧ የቻይና ዕቃ የሚራገፍበት አካባቢ መሆኑን አስተውሉ። ሸክላ ሠሪው የሚቀዳው ዕቃ ደጁ ድረስ ይመጣለት ነበር።

ግን በመቅዳት አላበቁም። ነጩ ገጽ እንደ ወረቀት ሆኖ ታያቸው። ኮባልት በሚባል ማዕድን ሰማያዊ ስዕል ሳሉበት። ቀለሙ ገና ያልተጠበሰው ልባስ ውስጥ ትንሽ ይሰርጋል። ስለዚህ ጠርዙ ለስለስ ይላል፣ በረዶ ላይ እንደተንጠባጠበ ቀለም። ነጭ ላይ ሰማያዊ፤ ዛሬ በየቤቱ «የቻይና» የምንለው የሳህን መልክ። ያ መልክ በብዛት መሠራት የጀመረው ባስራ ነው። የሚገርመው፣ ቤሊቱንግ መርከብ ውስጥ ሦስት ነጭና ሰማያዊ የቻይና ሳህኖችም ተገኝተዋል፤ ስዕላቸው የባስራውን ይመስላል።

ወርቅ የሌለበት ወርቅ እንዴት ይወጣል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የባስራ ሰዎች ከዚህም አለፉ። ነጩ ልባስ ላይ እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቅ ስዕል መሥራት ቻሉ። ለፈረንጆቹ ላስተር ነው፤ እኔ ወርቅ አምሳል እለዋለሁ።

ዘዴው መጀመሪያ የመስታወት ሠሪዎች ነበር። ካይሮ በሚገኘው የእስላማዊ ጥበብ ሙዚየም አንድ የመስታወት ዋንጫ አለ። በ773 ለአጭር ጊዜ ግብጽን ያስተዳደረ ሰው ስም ተጽፎበታል። ቀለሙ ይኸው ወርቅ አምሳል ነው። ሸክላ ላይ ማምጣቱ ግን ሌላ ድፍረት ይጠይቃል።

ሥራው እንዲህ ነው። ዕቃው መጀመሪያ ነጭ ልባስ ለብሶ ይጠበሳል። ለብዙ ሸክላ ሠሪ ሥራው እዚህ ያልቃል፤ ወርቅ አምሳል ለሚሠራው ግን ይጀምራል። ብርና መዳብ ተቃጥለው፣ ከድኝና ከቀይ አፈር ጋር ተፈጭተው፣ በኮምጣጤ ይለወሳሉ። ሠዓሊው በዚህ ጭቃ መሰል ቀለም ያለቀው ዕቃ ላይ ይስላል። በዚህ ሰዓት ወርቅ የሚባል ነገር አይታይም። የተንጨባረረ ቡናማ ጭቃ ነው።

ከዚያ ለሁለተኛ ጊዜ እቶን ይገባል። ይህኛው እሳት ለስላሳ ነው፤ ወደ 600 ዲግሪ ገደማ። ልባሱ ትንሽ እንዲለሰልስ ብቻ ይፈለጋል፣ እንዲቀልጥ አይፈለግም። እንደለሰለሰ የብሩና የመዳቡ ቅንጣት ወደ ልባሱ ቆዳ ሰርጎ ይገባል። ከዚያ ሠራተኛው የአየር መግቢያውን ይዘጋል። እቶኑ በጭስ ይሞላል።

ጭሱ ምን ያደርጋል? ጥቁር ጀበና እንዴት እንደሚጠቁር አስቡ። ጀበናው ከእሳት ትኩሱን ወጥቶ በገለባ ወይም በእበት ይታፈናል። አየር ያጣው ጭስ ሸክላው ውስጥ ይገባል። ወርቅ አምሳልም የሚወለደው ከታፈነ እሳት ነው፤ ሥራው ግን ከዚህ ይረቃል። እሳት ኦክስጅን ይበላል። ከአየር ሲያጣ ካገኘው ቦታ ይነጥቃል። እዚህ የሚነጥቀው ከልባሱ ውስጥ ካለው ብርና መዳብ ነው። ኦክስጅናቸውን የተቀሙት ብርና መዳብ ወደ ብረትነታቸው ይመለሳሉ፤ በጣም ደቃቅ ፍሬ ሆነው መስታወቱ ውስጥ ይቀራሉ። ይህ የብረት ንብርብር ከፀጉር ክር ውፍረት መቶኛውን ያህል ቢሆን ነው። ዛሬ ናኖ ቴክኖሎጂ የምንለውን ነገር እነዚያ ሰዎች በጭስና በዓይናቸው ይመሩት ነበር።

ዕቃው ከእቶን ሲወጣ አሁንም አያምርም። በተቃጠለ ጭቃ ተሸፍኗል። ሠራተኛው በእርጥብ አፈር ያሸዋል። ጭቃው ይለቃል። ያኔ ከሥሩ ወርቁ ብቅ ይላል።

ያቺን ቅጽበት ባይ ብዬ እመኛለሁ። ምክንያቱም ማሸት እስኪጀምር ድረስ ሠሪው ምን እንዳገኘ አያውቅም። እሳቱ ትንሽ ከበዛ ልባሱ ቀልጦ ስዕሉን ይውጠዋል። ካነሰ ቀለሙ አይይዝም፣ ሲታሽ አብሮ ይወጣል። ጭሱ ከበዛ ይጠቁራል። ቆየት ብሎ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ፒኮልፓሶ የሚባል ጣሊያናዊ ስለዚሁ ሥራ ሲጽፍ፣ እሳት ከሚገቡት 100 ዕቃዎች ደህና ሆነው የሚወጡት 6 ቢሆኑ ነው ብሏል።

መጀመሪያ ላይ የባስራ ሰዎች በአንድ ሳህን ላይ ብዙ ቀለም ይሞክሩ ነበር፤ ቀይ፣ ቡናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አንድ ቀለም ሰበሰቡት። ቱኒዚያ ውስጥ በቃይረዋን ትልቁ መስጊድ ሚህራብ ዙሪያ፣ ማለትም የስግደት አቅጣጫን በሚያሳየው ጎድጓዳ ቦታ ዙሪያ፣ ከ130 በላይ ወርቅ አምሳል ታይልሶች ዛሬም በቦታቸው አሉ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ከኢራቅ የመጡ ናቸው። አንዳንዶቹ ብዙ ቀለም፣ አንዳንዶቹ አንድ ቀለም።

ወርቅ በሃይማኖት ስለተከለከለ ነው?

ይህ መልስ በየቦታው ይነገራል። በወርቅና በብር ዕቃ መብላትና መጠጣትን የሚከለክል ሐዲስ፣ ማለትም ከነቢዩ ሙሐመድ የተላለፈ ቃል፣ አለ፤ ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ሀብታሞች ወርቅ የሚመስል ሸክላ አሠሩ ይባላል።

በእኔ አስተያየት መልሱ ግማሽ ነው። ነገሥታቱና መኳንንቱ ሐዲሱ እያለም የወርቅና የብር ዕቃ ነበራቸው። በ1060ዎቹ ግብጽን ይገዛ የነበረው የፋጢሚ ሥርወ መንግሥት ኸሊፋ ግምጃ ቤት ሲዘረፍ ከወጡት ዕቃዎች መካከል ወርቅና ብሩ ብዙ ነበር። ወርቅ አምሳል ሸክላም ቢሆን ርካሽ ምትክ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ይጠበሳል፤ እንጨት ይፈጃል። ብር ይገባበታል፤ አብዛኛው ደግሞ ይበላሻል። ሰው የወደደው ራሱን ዕቃውን ነው። ወርቅ ሳህን ከየትም ብታዩት ወርቅ ነው። ይህኛው ግን ሲያዘነብሉት ቡናማው ወደ ወርቅ፣ ወርቁ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ወርቅ ይህን አያደርግም።

ናስር ኩስረው የሚባል ፋርሳዊ መንገደኛ በ1040ዎቹ መጨረሻ ግብጽ ነበር። የግብጽን ሸክላ ሲገልጽ፣ ከውጭ ብትይዘው እጅህ ከውስጥ ይታያል እስከማለት ደርሷል። ቀለሙንም ሲያዞሩት ከሚቀያየር ጨርቅ ጋር አመሳስሎታል። አንድ ሌላ የሚጣፍጥ ነገርም ጽፏል። በገበያው ያሉ ነጋዴዎች ለሚሸጡት ነገር መያዣውን ከራሳቸው ይሰጣሉ፤ መስታወትም ይሁን ሸክላ ወይም ወረቀት። ገዢው ዕቃ ይዞ መምጣት የለበትም። ሸክላ ምን ያህል በከተማው እንደሞላ ከዚህ ይታያል።

ታዲያ ስዕሉስ? ሰውና እንስሳ አይከለከልም ነበር?

መስጊድ ውስጥና ቁርኣን ላይ ሰው አይሳልም። ይህ ተጠብቋል። የቤት ዕቃ ግን ሌላ ነው። ሳህኖቹ ላይ ጥንቸል፣ ፈረሰኛ፣ በገና ደርዳሪ፣ ጽዋ የያዘ ሰው፣ ዓሣ፣ ወፍ ሞልቷል። የፋጢሚዎች ግብጽ (969–1171) በዚህ ትታወቃለች።

ከእነዚህ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም አለ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ግብጽ ውስጥ የተሠራ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ስንዝር ገደማ ስፋት አለው። ውስጡ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ቆብ ያለው ረጅም ካባ ለብሷል። በእጁ በሰንሰለት የተንጠለጠለ ነገር ይዟል፤ ኢትዮጵያዊ ምዕመን ሲያየው ወዲያው ጽና የሚለው ዓይነት ነገር። አጠገቡ ትልቅ፣ አናቱ ላይ ቀለበት ያለው መስቀል መሰል ምልክት አለ። ኮፕቶች፣ ማለትም የግብጽ ክርስቲያኖች፣ ከጥንት ግብጽ የወረሱት ምልክት ነው። ሰውየው የኮፕት ቄስ ነው። ከውጭ በኩል ደግሞ የሠሪው ፊርማ አለ፤ «ሰዕድ» ይላል።

ይህን ሳህን እወደዋለሁ። «እስላማዊ ጥበብ» የሚለው ስም የሃይማኖት ጥበብ ብቻ እንዳልሆነ እንዲህ አድርጎ የሚያስረዳ ሌላ ዕቃ አላውቅም። ስሙ የሚጠራው በሙስሊም መንግሥታት ሥር የኖረውን ሕዝብ ሁሉ ባህል ነው። ክርስቲያኑም አይሁዱም እዚያ ገበያ ውስጥ ነበሩ። በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሚመጣው ከዚያው ከግብጽ መሆኑን ስናስብ፣ ሳህኑ ላይ የቆመው ቄስ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ሙያው ከአገር አገር እንዴት ሄደ?

በሰው እጅ ነው የሄደው። ወርቅ አምሳል ከመጽሐፍ የሚማሩት ነገር አልነበረም። ከአባት ለልጅ፣ ከጌታ ለደቀ መዝሙር የሚተላለፍ የቤተሰብ ምሥጢር ነው። ስለዚህ ቤተሰቦቹ ሲሰደዱ ሙያው አብሮ ይሰደዳል። የባግዳድ ኃይል ሲደክም ካይሮ አበበ። በ1168 የድሮው የካይሮ ክፍል ፉስጣጥ ተቃጠለ፤ በ1171 የፋጢሚዎች ሥልጣን አበቃ። በዚያው ዘመን ወርቅ አምሳል በሶርያና በኢራን ብቅ አለ። ዓመት ተጽፎበት ከተገኘው የኢራን ወርቅ አምሳል የመጀመሪያው የ1179 ነው።

ኢራን ውስጥ ሥራው በአንድ ከተማ ተከማቸ፤ ካሻን። በፋርስኛ ታይልስ «ካሺ» ይባላል፤ የካሻን ማለት ነው። ከተማዋ በሙያዋ ስም ሰጠች።

የካሻን ሰዎች ሌላ ነገርም አሻሻሉ፤ አፈሩን። አሁንም ካኦሊን የለም። ስለዚህ ራሳቸው አፈር ፈጠሩ። አሥር እጅ የተፈጨ ነጭ ድንጋይ፣ አንድ እጅ የመስታወት ዱቄት፣ አንድ እጅ ነጭ ጭቃ። ሲጠበስ ነጭ፣ ቀጭንና ጠንካራ ይሆናል። ጭቃው ግን አይታዘዝም። አሸዋ በበዛበት ሊጥ ዳቦ ለመድቦልቦል መሞከር ነው። ለዚህም ብዙ ጊዜ በቅርጽ ማውጫ ይጠቀሙ ነበር።

ይህን ልክ የምናውቀው አንድ ሰው ስለጻፈው ነው። አቡል ቃሲም ይባላል፤ የካሻን ሰው ነው። ከአቡ ጣሂር የሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የተወለደ ነው። አያቱ መሐመድ፣ አቡ ዘይድ ከሚባለው የዘመኑ ዝነኛ ሸክላ ሠሪ ጋር፣ ቁምና መሽሀድ በሚባሉት የኢራን ከተሞች ባሉ ቅዱሳን መቃብሮች ሠርቷል። አባቱ ዓሊ ደግሞ ሸክላ ሠሪ ነበር፣ ወንድሙ ዩሱፍም እንዲሁ። አቡል ቃሲም ግን የሞንጎል ገዢዎች ቤተ መንግሥት ጸሐፊ ሆነ። በ1301 ስለ ከበሩ ድንጋዮችና ሽቶዎች ሲጽፍ፣ መጨረሻው ላይ የቤተሰቡን ሙያ አስገባ።

ጽሑፉ ላይ የማልረሳው ዝርዝር አለ። ለመጀመሪያው እሳት ጭስ እንዳይኖር በጣም ይጠነቀቃሉ ይላል። ባግዳድና ታብሪዝ ላይ የአኻያ እንጨት ቅርፊቱ ተልጦ ይነዳል፤ እንዳይጨስ። ለሁለተኛው ደግሞ 72 ሰዓት ለስለስ ያለ ጭስ ይሰጡታል። መጀመሪያ ጭስ ጠላት ነው፤ ቀጥሎ ጭስ ሠሪው ነው። እሳቱን እኩል ያገኘው ዕቃ እንደ ቀይ ወርቅ ያንጸባርቃል፣ እንደ ፀሐይ ያበራል ይላል። በቤተሰቡ ሙያ የሚኮራ ልጅ ድምፅ ነው።

ሁሉም እንዲህ ያብረቀርቅ ነበር?

አልነበረም። ምሥራቅ ኢራንና ዛሬ ኡዝቤኪስታን ውስጥ ባለችው ሰመርቀንድ አካባቢ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ፍጹም ሌላ መልክ ነበር። ሳህኑ በነጭ ቀጭን ጭቃ ይሸፈናል፤ በላዩ ጥቁር የዐረብኛ ጽሕፈት ብቻ ይዞራል። ጥቁሩን ቀለም ከጭቃ ጋር ያዋህዱት ነበር፤ ያለዚያ እርሳስ ያለበት ልባስ ሥር ቀለም ይፈሳል። ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው አንዱ ወደ 46 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ጽሕፈቱ «ከሥራ በፊት ማቀድ ከጸጸት ያድናል» ብሎ ይጀምራል። የእኛው «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው። ምግቡ እያለቀ ሲሄድ ባዶው ነጭ ይገለጣል፤ ምክሩ ደግሞ ጠርዙ ላይ ይዞራል።

ወደ ምዕራብ ስንሄድ ወርቅ አምሳል እስፔን ደረሰ። የ14ኛው ክፍለ ዘመን የሞሮኮ መንገደኛ ኢብን ባጡታ፣ ማላጋ በምትባለው የእስፔን ከተማ ድንቅ ወርቃማ ሸክላ እንደሚሠራና ወደ ሩቅ አገር እንደሚላክ ጽፏል። ከእስፔን ወደ ጣሊያን ሄደ። ጣሊያኖች ማዮሊካ አሉት፤ ዕቃው ይመጣባት ከነበረችው ከማዮርካ ደሴት ስም። ዴልፍት የሚባለው የሆላንዶቹ ሰማያዊና ነጭ ሸክላም የባስራው የቆርቆሮ ልባስ የልጅ ልጅ ነው። ሰማያዊው ኮባልት ደግሞ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከኢራን ወደ ቻይና ሄዶ የቻይናን ፖርሴሊን ሰማያዊ አደረገ። ያ ዕቃ ተመልሶ ኢራን ሲገባ የኢራን ሠሪዎች እንደገና ይቀዱት ጀመር።

ወደ እኛ አገርስ ደርሶ ነበር?

የንግዱ ጫፍ ደርሷል። ድሬዳዋ አቅራቢያ ባለችው ሐርላ ከ2015 ጀምሮ ቁፋሮ ተካሂዷል። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ፍርስራሽ፣ የግብጽ ሳንቲም፣ ከየመንና ከቻይና ጭምር የመጡ ዕቃዎች ተገኝተዋል። ከውጭ የገባ ልባስ ያለው የሸክላ ስባሪም አለበት። ሐረር ገብታችሁ የቆየ የአደሬ ቤት ካያችሁ፣ ግድግዳው ላይ ከሞሰቡና ከሰፌዱ ጋር ሳህኖች ተደርድረው ይታያሉ። ከባሕር ማዶ የመጣ የሚያምር ሳህን ግድግዳ ላይ ማሳየት በዚያ አካባቢ የቆየ ወግ ነው።

ዛሬ የት ይታያሉ?

ከቴህራን በስተ ደቡብ ቫራሚን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ የኢማምዛዴ ያህያ መቃብር አለ። በ1262 ገደማ የውስጥ ግድግዳዎቹ በኮከብና በመስቀል ቅርጽ በተቆረጡ ወርቅ አምሳል ታይልሶች ተሸፈኑ። በ1265 ትልቅ ሚህራብ ተጨመረ። የፈረመበት የአቡል ቃሲም አባት ዓሊ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ታይልሶቹ እየተነቀሉ ተሸጡ። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች ተበትነዋል፤ አንዱ አንድ ኮከብ፣ ሌላው አንድ መስቀል። ሚህራቡ ሐዋይ ውስጥ፣ ሆኖሉሉ ከተማ ነው። ስለዚህ በየሙዚየሙ «የቫራሚን ታይልስ» የሚል ጽሑፍ ብታዩ የአንድ ግድግዳ ቁራጭ እያያችሁ ነው።

ስታዩት አንድ ቦታ ቆማችሁ አትለፉት። ፊት ለፊት ሲታይ ቡናማ ስዕል ብቻ ነው። ጎንበስ በሉ፣ ወደ ግራ ዘንበል በሉ፣ ብርሃኑ በሰያፍ እስኪመታው ጠብቁ። ያኔ ወርቁ ይበራል። ቫራሚን ያለው ሕንጻ ደግሞ አሁንም ሰው የሚጸልይበት ነው። የዓሊ ሚህራብ የነበረበት ግድግዳ ባዶ ነው።